ማሰራጫው ጠፍቶ ሳለ የተሰማው ማስጠንቀቂያ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ከሚያምኑት ወገን አልነበርኩም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁና እንግባባ። አባቴ ጎንደር ከአንዱ ደብር መሪጌታ ናቸው፣ ቤታችን ውስጥ ስለ ዛር፣ ስለ ቀትር ጋኔን፣ ለእገሌ ምን እንደታየው ሳይወራ የሚመሽ ቀን አልነበረም፣ የኔ ልብ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ያደረው ሽቦ ላይ ነው፣ የተበላሸ ሬድዮ ስፈታና ስገጥም ነው ያደግሁት፣ አባቴም «ይቺ ልጅ ዳዊቱን ትታ ካቻቢቴ ትደግማለች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ድምፅ ካለ ምንጭ አለው፣ ከምንጩ የሚመጣ ገመድ አለው፣ ገመዱን ይዘው ቢሄዱ ይደረስበታል፣ ሃይማኖቴ ይኸው ነበር ማለት ይቻላል። አሁንም ሽቦ አምናለሁ፣ እመኑኝ፣ ግን አምና በሐምሌ፣ ያውም በጠራራ ቀትር ልል ነበር፣ ጠራራ እንኳ አልነበረም፣ ጉም ነበር፣ በዚያ ቀትር የሆነውን እስካሁን የምገጥምበት ገመድ አላገኘሁም። ያን ቀን ሳስበው ደግሞ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ፍርሃት አይደለም፣ ምስጋና ነው፣ ፍርሃቱ ከኋላ ነው የሚደርሰው።

የምሠራው በአንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ ቴክኒክ ክፍል ውስጥ ነው። በዚያ ክረምት በአካባቢው ያሉ ሬድዮ ጣቢያዎች ሁሉ ለአደጋ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ሙከራ ተዘጋጁ ተባልን። ነገሩ ከባድ አይደለም፣ ጎርፍ ወይም የመሬት መንሸራተት ወይም ሌላ ክፉ ነገር ሲመጣ ከአንድ ቦታ መልእክት ይላካል፣ በየጣቢያው የተተከለች ትንሽ ሳጥን መልእክቱን ትቀበልና የሚተላለፈውን ነገር፣ ዘፈንም ይሁን ወሬ፣ ቆርጣ ማስጠንቀቂያውን ታሰማለች። የእውነቱ ከመምጣቱ በፊት ታዲያ በተቆረጠ ቀንና ሰዓት አንድ ሙከራ ይደረጋል፣ የኛ ሥራ ከዚያ በፊት በየጣቢያው እየዞርን ሳጥኗን መትከል፣ መሞከርና ቅጽ ማስፈረም ነው። በዚህ ሥራ ላይ ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ሕግ አለ፣ ሳጥኗን ከመነካካትሽ በፊት ወደ ማሰራጫው የሚሄደውን ገመድ ንቀይ ይላል፣ አለዚያ ለራስሽ የሞከርሽው ነገር አየር ላይ ወጥቶ አገር ያሸብራል። ይህን ሕግ እንደ ጾም ነው የምጠብቀው፣ እንዲያውም ከጾም ይበልጥ፣ አባቴ እንዳይሰሙኝ።

የቀረኝ የመጨረሻው ቦታ ከድብ ባሕር በላይ ጋራ አናት ላይ ያለ ማሰራጫ ነበር፣ አንድ አንቴና፣ አንዲት የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ዘበኛ። ከሾፌራችን ከሙሉቀን ጋር በጠዋት ከጎንደር ወጣን፣ ወለቃ ስንደርስ ሙሉቀን ለሚስቱ የሸክላ ድስት ካልገዛሁ ብሎ ቆመ፣ በዚያ ክረምት ሦስተኛው ድስት ነው፣ ሁለቱን መንገዱ ሰብሮበታል፣ ይሄኛውን እኔ ጭን ላይ አስቀመጠልኝና በየጉድጓዱ «አደራ» እያለኝ ሄድን። ከጋራው ሥር ስንደርስ እሱ «እኔ ማኪናዋን ልጠብቅ» አለ፣ ሊተኛ ነው ማለት ነው፣ እኔ የዕቃ ቦርሳዬን አንግቼ ጭቃውን ተያያዝኩት።

ዘበኛው አያ ደሴ ይባላሉ፣ ስድሳን ያለፉ፣ ካኪ ኮት ላይ ጋቢ የደረቡ፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሰው ናቸው። ቤታቸው ከጋራው ሥር ተጠጋግተው ካሉት አምስት ቤቶች አንዱ ነው፣ ከቆርቆሮዋ ቤት ደጃፍ ሆኖ ቁልቁል ሲታይ የሣር ክዳኑ ይታያል። ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው ዱላቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣

«ምነው ልጄ፣ ሳይመጣ መጣ ይባላል እንዴ?» አሉ።

«ሙከራ ነው አያ ደሴ፣ ሙከራ መሆኑም አብሮ ይነገራል።»

«እኛ አገር እሪ ከተባለ ሰው ሞፈሩን ጥሎ ነው የሚሮጠው። በሐሰት እሪ ያለ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቀርባል፣ በግ ያርዳል። ምነው ቢሉ፣ ሁለተኛ እሪ ሲል የሚደርስለት አያገኝም።»

እውነቴን ነው፣ በስልጠናው ላይ ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ትንሽ አሰቡና «ይሁን፣ ቀኑን ብቻ ንገሪኝ፣ እኔ አስቀድሜ ለሰዉ እነግራለሁ፣ እንዲያ ከሆነ ሸጋ ነው» አሉኝ። ስለ ቤተሰባቸው ስጠይቃቸው «ደህና ናቸው» ብለው ወሬውን ወደ ዝናቡ ወሰዱት፣ ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

አሁን ይህን በደንብ ስሙኝ፣ ምክንያቱም በኋላ ስንት ሰው ደጋግሞ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። መብራት ከሌሊት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር፣ የጄኔሬተሩም ናፍጣ አልቋል፣ ስለዚህ ማሰራጫው ሬሳ ነው፣ አንዲት አምፖል አትበራበትም። ሳጥኗን የምሞክርበት ትንሽ ባትሪ ይዤ ነበር፣ እሱም ገና ከቦርሳዬ አልወጣም። ገመዱን ነቀልኩ፣ ጠቅልዬ አንገቴ ላይ አጠለቅሁት፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው፣ ረስቼ መልሼ እንዳልሰካው። ግድግዳው ላይ፣ ምስማር ላይ የተሰቀለች የአያ ደሴ የኪስ ሬድዮ ነበረች፣ ጣቢያው ስለጠፋ ከጠዋት ጀምሮ ሽሽሽ እያለች ነው የዋለችው፣ ልዝጋት ብላቸው «ተያት፣ ሲመጣ እንዳያመልጠኝ» አሉኝ።

ስድስት ሰዓት ገደማ መጀመሪያ የጠፋው የዝናቡ ድምፅ ነው። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የነበረው ዝናብ ቀጥ አለ፣ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ፣ የአያ ደሴ ውሻ ከውጭ ገብታ ከእግሬ ሥር ተጠቀለለች። ከዚያ ሳጥኗ ውስጥ የሆነ ነገር ጠቅ አለ። ብረት ሲቀዘቅዝ እንዲህ ይላል ብዬ ብሎኔን ማጥበቅ ቀጠልኩ። እንደገና ጠቅ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ ጠቅ። ራሴን ላሳምን ብዬ እጄን ማሰራጫው ጎን ላይ አሳረፍኩ፣ ማሰራጫው ሞቋል። ከሌሊት ጀምሮ የጠፋ ማሽን፣ በዚያ ብርድ፣ ሲሠራ እንደዋለ ሁሉ ሞቋል። እጄን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩ፣ ሞቋል።

ያን ጊዜ የሬድዮዋ ሽሽታ ጸጥ አለ። ሬድዮዋ ጠፋች ማለቴ አይደለም፣ ልዩነቱን የሬድዮ ሰው ያውቀዋል፣ ማሰራጫ ተከፍቶ ገና ማንም ሳይናገር በመካከል የሚኖር አንድ ዝምታ አለ፣ እሱ ነው። ቀጥሎም ተናገረች።

«ከጋራው ሥር ያላችሁ ውጡ። ከብቱን ተዉት፣ ዕቃውን ተዉት፣ ወደ አንቴናው ውጡ። አራሷም ትውጣ። ቀትር ነው ብላ አትቅር፣ ልጇን ታቅፋ ትውጣ።»

የሴት ድምፅ ነው። ለሙከራው የተቀዳው መልእክት የወንድ ነው፣ «ይህ ሙከራ ነው» ብሎ የሚጀምር፣ እኔ ራሴ ሃያ ጊዜ የሰማሁት። ይቺኛዋ ግን ያንኑ ቃል ሁለት ጊዜ ደገመች፣ አልጮኸች፣ አልቸኮለች፣ ከዚያ ሽሽታው ተመለሰ። አያ ደሴን ዞር ብዬ ባያቸው ሬድዮዋን አይደለም የሚያዩት፣ እኔን ነው፣ አፌን ነው።

«አራስ እንዳለችኝ ማን ነገረሽ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«የምን አራስ?»

ልጃቸው የሺ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እንደ አገሩ ወግ እናት አባቷ ቤት መጥታ ኖሯል፣ ከተገላገለች ገና ሳምንቷ ነው፣ ደግሞ ቤት ውስጥ አራስ አለች ተብሎ ለአላፊ አግዳሚ አይነገርም፣ ዓይን አለ፣ ሌላም ሌላም አለ። አራስ በዚያ ጊዜ ደጅ አትወጣም፣ በቀትርማ ጭራሽ፣ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ሰው ገብቶ ያወጣታል እንጂ በሬድዮ ተጠርታ አትወጣም። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያየሁት፣ በሐሰት እሪ አይባልም ብለው የተሟገቱኝ ሰው ጋቢያቸውን ጥለው ወደ ገደሉ አፋፍ ሲሮጡና በሙሉ ጉሮሯቸው እሪ ሲሉ ነው።

እሪታው ከታች ተመለሰ፣ ከማዶም ተመለሰ። ከጉሙ ውስጥ ሰው መውጣት ጀመረ፣ ልጆች፣ ሽማግሌዎች፣ ከአረም የመጡ ወንዶች ጭቃ እንደለበሱ። ሬድዮ የከፈቱት ሁለት ቤቶች ድምፁን ሰምተው አስቀድመው መንገድ ጀምረው ነበር፣ ሌሎቹ እሪታውን ተከትለው ነው። በመጨረሻ አንዲት ልጅ እግር ሴት መጣች፣ በጋቢ ተከናንባ፣ ደረቷ ላይ የታቀፈችውን ሸፍና፣ በአንድ እጇ ቢላዋ ይዛ፣ አራስ ክፉ መንፈስ እንዳይቀርባት የምትይዘው ብረት ነው፣ እናቷ ከኋላዋ ጥላ ዘርግተውላት። የሺ ይቺ ነበረች። እኔን ስታየኝ ቆም አለች፣ ከዚያ አንገቷን ደፍታ ወደ ቆርቆሮው ቤት ገባች።

እኔ በዚያች ሰዓት የፈራሁት መንፈስ አይደለም፣ ልንገራችሁ፣ ለእንጀራዬ ነው የፈራሁት። በሆነ መንገድ የሐሰት ማስጠንቀቂያ አየር ላይ አውጥቻለሁ፣ የሳምንት አራስ ብርድ ላይ አስወጥቻለሁ፣ ልጁ አንድ ነገር ቢሆን ምን ብዬ ነው የምኖረው እላለሁ። ጥቂት ቆይቶ ማጉረምረም ተጀመረ፣ አንዱ «ታዲያ የታለ የመጣው?» አለ፣ ሁለት ጎልማሶች በሬ ፈተን እንመለሳለን ብለው ተነሱ። አያ ደሴ መንገዱን በዱላቸው ዘጉባቸው። «ተጠርታችኋል፣ ቁሙ» አሉ፣ «ሐሰት ከሆነ በጉን እኔ አርዳለሁ።»

በጉን ማረድ አላስፈለጋቸውም። ድምፁን ስሰማ ከባድ መኪና ዳገት እየወጣ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ከኛ በታች ያለው ተረተር ከነዛፉ፣ ከነአጥሩ ተንቀሳቀሰ፣ ጉሙ ገለጥ ሲል የአያ ደሴ የሣር ክዳን በቦታው የለም፣ የጎረቤቶቹም የለም፣ ቀይ አፈር ብቻ ነው፣ አሁንም እየወረደ ያለ ቀይ አፈር። ሴቶቹ ልጆቻቸውን መቁጠር ጀመሩ፣ ወንዶቹ ሰዉን ቆጠሩ፣ እንደገና ቆጠሩ፣ አንድ ሰው አልጎደለም። አንድ በሬና ዶሮዎቹ ከአፈሩ ሥር ቀሩ፣ ሰው ግን አልጎደለም። ጭቃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ ተመስገን ከማለት በቀር ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም፣ አባቴ ቢያዩኝ ምንኛ በተደሰቱ።

ሙሉቀን መኪናውን ካቆመበት፣ አፈሩ ካልደረሰበት ወገን፣ ዳገቱን ሮጦ ሲደርስ ትንፋሹ ተቆርጦ ነበር፣ እሱ ደግሞ ሲጨንቀው መቀለድ ይወዳል።

«አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው አስተዋዋቂ የሆንሽው?» አለኝ፣ «በማኪናዋ ሬድዮ ሰማሁሽ እኮ፣ እንቅልፌን ነው ያባረርሽው።»

«ማንን ነው የሰማኸው?»

«አንቺን ነዋ። አሥር ዓመት አብሬሽ ስዞር ድምፅሽን አጣዋለሁ?»

እኔ የራሴን ድምፅ በማሽን ሰምቼው አላውቅም፣ እድሜዬን የሌላውን ሰው ድምፅ ሳስተካክል ነው የኖርኩት፣ ለዚህ ነው ያላወቅሁት ብዬ አሰብኩ። አንገቴ ላይ የተጠቀለለውን ገመድ ይዤ አሳየሁት። ገመዱን አየ፣ የጠፋውን ማሰራጫ አየ፣ ከዚያ እስከ ጎንደር ድረስ ሙሉ መንገዱን አንዲት ቀልድ አልቀለደም። ድስቷም ሳትሰበር ገባች፣ እሱ ግን ልብ ያለ አይመስለኝም።

ቢሮ ስገባ የሆነውን እንዳለ ተናገርኩ። አለቃዬ በመጀመሪያ ተቆጣ፣ ያለ ፈቃድ አስተላልፈሻል አለ፣ ከዚያ መብራቱ ጠፍቶ እንደነበር ተጣራ፣ ሳጥኗ ተከፍታ ታየች፣ የተቀበለችውም የላከችውም ነገር በማኅደሯ ውስጥ የለም፣ ባዶ ናት። ከኛ ስቱዲዮም በዚያች ሰዓት እንዲህ ያለ ቃል አልወጣም። ቅጹ ላይ «ማስጠንቀቂያው ለሕዝብ ተሰምቷል?» የሚል ጥያቄ አለ፣ አዎ ወይም አይደለም በሚለው ላይ ምልክት ማድረግ ነው፣ ሁለት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አቆየሁትና ምንም ምልክት ሳላደርግበት መለስኩት፣ ለምን ባዶ ሆነ ያለኝ የለም። ለአባቴም ነገርኳቸው።

«በቀትር የተናገረ ሁሉ ክፉ ነው አይባልም» አሉኝ፣ «መልካም ያደረገ ሁሉም የመልካም ነው አይባልም። አንቺ ምስጋናሽን ወደ እግዚአብሔር ላኪ። የማን እንደሆነ እሱ ያውቃል፣ ለባለቤቱ ያደርሰዋል።»

እንዳሉኝ አደረግሁ፣ ያን ሰሞን ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ቤተ ክርስቲያን መሳለም ጀመርኩ፣ እስካሁንም አልተውኩም። ሙከራው በተባለው ቀን በሰላም ተደረገ፣ የወንዱ ድምፅ በሰዓቱ በሁሉም ጣቢያ ተሰማ፣ አያ ደሴ ደውለው «ሙከራ ነው ብዬ ነግሬያቸው ነበር፣ ቢሆንም አንድ ሰው ሳይቀር ወጣ፣ ሸጋ ነው» አሉኝ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ለማንም አላወራም ነበር፣ ደስ ብሎኝ በሆዴ ይዤው እኖር ነበር።

ጥቅምት ላይ የየሺ ልጅ ክርስትና ሆነና ተጠራሁ፣ ሴት ልጅ ናት፣ ሰማንያ ቀኗ ሞልቷል። ቤተሰቡ ድብ ባሕር ዘመድ ቤት ተጠግቶ ነበር፣ ቤት አልባ ሆነው እንኳ ለኔ ያልተደረገ ነገር የለም፣ የክብር ቦታ ተነጠፈልኝ፣ አሮጊቶች እጄን ካልሳምን አሉ፣ እኔ አይደለሁም፣ ገመዱ አንገቴ ላይ ነበር እያልኩ ደከመኝ፣ ትሕትና መሰላቸው። ከምሳ በኋላ የሺ ወደ ጓሮ ጠራችኝና ልጅቷን አሳቀፈችኝ፣ ከባድ፣ ሙቅ፣ ወተት ወተት የምትሸት ልጅ፣ ፊቷን አየሁና ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ይቺ እኮ ከአፈር ሥር ልትቀር ነበር አልኩ በልቤ።

«እትዬ» አለችኝ የሺ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያልሽኝን አንድም ቀን አላጎደልኩም። ማታ ማታ አደርገዋለሁ።»

«የቱን?»

ልትፈትነኝ ነው ብላ ይሆናል፣ ፈገግ አለች። «ደፍ ላይ ቆሜ አልወጣም ብዬ ሳለሁ፣ ከሬድዮው በስሜ ጠርተሽ ያልሽኝን ነዋ። እናቴ አጠገቤ ነበረች፣ እሷ አልሰማችውም። ለባሌም አልነገርኩ፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩ፣ ለማንም አትንገሪ ብለሽኛልና።»

እኛ ጋራው ላይ ሆነን ስሟን አልሰማንም። ሌላም ቃል አልሰማንም። እኔ አይደለሁም የሚለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ስለው የዋልኩት ቃል፣ ግን ይቺ ልጅ ያንን ድምፅ አምና ነው ከነሕፃኗ የወጣችው፣ የማን ድምፅ ነበር ብትለኝ ምን እላታለሁ።

«አንድ ነገር ብቻ አልነገርሽኝም» አለች፣ «እስከ ክርስትናዋ ነው ወይስ ከዚያም ወዲያ ነው?»

«ገና ነው» አለ አፌ። አስቤ አይደለም፣ እመኑኝ፣ ልጅቷን አመቻችቼ ልታቀፍ እጄን እያስተካከልኩ ነበር፣ «ገና ነው፣ አታቋርጪ» ብዬ ስናገር ራሴን ሰማሁት፣ ያን ጊዜ ነው ያንን ድምፅ ያወቅሁት። የሺ ግን ከትከሻዋ ሸክም የወረደላት ያህል ተነፈሰች፣ ትከሻዬን ሳመችና ልጇን ተቀብላኝ ወደ እንግዶቹ ገባች።

ልጅቷ አሁን ድክ ድክ ማለት ጀምራለች፣ ጤነኛ ናት፣ ጥርስ አብቅላለች፣ አያ ደሴም አዲስ ቤት ከመንገዱ ዳር ሠርተዋል። የሺ በወር አንዴ ትደውልልኛለች፣ የልጅቷን ነገር ታጫውተኝና ልትዘጋ ስትል «አላቋረጥኩም» ትለኛለች። እኔም «ሸጋ» እላታለሁ፣ ስልኩን አስቀምጬ ተመስገን እላለሁ፣ ከልቤ ነው የምለው። ማታ ማታ ምን እንደምታደርግ ግን አላውቅም፣ ልጠይቃትም አልደፈርኩም።